የለበሱት አይቀረጥም፦ በጅቡቲ ባቡር የመጣው አለባበሳችን

ባለፈው ወር ናጋድ ጣቢያ ባቡር ስጠብቅ ከጎኔ የተቀመጠች ወጣት ነጋዴ ሻንጣዋን ከፍታ ዕቃዋን እንደገና ስትደለድል አየኋት። ሦስት ድርያ፣ አንድ ሽርጥ፣ አንድ ትልቅ ፔርሙዝ፣ ሁለት ሽቶ፣ በላስቲክ የተቋጠረ ኡንሲ። ከድርያዎቹ አንዱን ከላስቲኩ አወጣችና መለያ ወረቀቱን በጥርሷ በጠሰችው። ከዚያ ጨርቁን በመዳፏ ጨምድዳ ፈታችው፣ ደግማ ጨመደደችው። እያወቅሁ «ምነው ልጄ፣ እንዲህ ያለውን ልብስ ለምን ታበላሺዋለሽ?» አልኳት። «አዲስ እንዳይመስል ነዋ እትዬ» አለችኝና ሳቀች።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ከሠላሳ ዓመት በፊት እናቴ በዚሁ ከተማ፣ በሌላኛው በአሮጌው ጣቢያ፣ ይህንኑ ስትሠራ አይቻታለሁ። ይህችን ልጅ እናቴ አላስተማረቻትም፤ እኔም አላስተማርኳት። ሥራው ራሱ ነው ያስተማራት። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያ መጨማደድ ነው።

ስለ ጅቡቲ ባቡር ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ንጉሡ፣ ስለ ውሉ፣ ስለ ኩባንያው፣ ስለ ድልድዮቹ። የጭነቱን ቁጥር የሚዘረዝሩትንም አነባለሁ፤ ቡና ይህን ያህል ወጣ፣ ጨርቅ ይህን ያህል ገባ የሚሉትን። የንግድ ዲፕሎማዬን ስማር መጀመሪያ የነገሩን ማንኛውም ዕቃ ሰነድ እንዳለው ነው፤ ደረሰኝ፣ ዲክላራሲዮን፣ የመጋዘን ገቢ። ነገር ግን በዚህ መስመር ከገባው ልብስ ትንሽ የማይባለው በሰነድ አልገባም፤ በሰው ገላ ላይ ነው የገባው። ቀሚሱ ሴቷ ላይ ተሳፍሮ፣ ሻሹ ራሷ ላይ ተጠምጥሞ፣ ሰዓቱ እጇ ላይ ታስሮ። የለበሱት አይቀረጥማ! ቀረጥ የሚጠየቀው ለንግድ የሆነው ነው፤ መንገደኛ ለራሱ የያዘው የግል መገልገያ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ቀጭን መስመር ነው የእኛን የድሬዎችን አለባበስ የሠራው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህም ታሪኩ በየትኛውም መዝገብ የለም። መዝገብ የሚያውቀው የተያዘውን ብቻ ነው።

ከሐዲዱ ልጀምር፤ ዓመተ ምሕረቱን በእኛው አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ዐፄ ምኒልክ ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ነው። ሥራው ከጅቡቲ በኩል በ1890 ተጀመረ፤ ሐዲዱም በታኅሣሥ 1895 ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ሜዳ ላይ ደረሰ። የሐረርን ተራራ መውጣት ከባድና ውድ ስለነበረ ባቡሩ ሐረርን ሳይረግጥ እታች ቀረ፤ ቦታውም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ። ድሬን ባቡሩ ወለዳት የሚባለው ለወግ አይደለም። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው፣ ትልቁ የጣቢያ ሕንጻ የተመረቀው ደግሞ በ1922። ለገሃር የምንለው ራሱ ፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው፣ ጣቢያ ማለት። መላው መስመር 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከጅቡቲ እስከ ድሬ 310 ግድም ነበር። የኔ ታሪክ ያለው በዚህ በ310ሩ ላይ ነው።

በዚህ ሐዲድ መጀመሪያ የመጣው «ፋሽን» ነጭ ነበር፤ አቡጀዲድ። ዛሬ አቡጀዲድ ሲባል ትዝ የሚለን ከፈንና የፍራሽ ልብስ ነው። ያኔ ግን ከባሕር ማዶ ከሚመጡት ጨርቆች ሁሉ አለቃው እሱ ነበር። ያልነጣ፣ ጠንካራ፣ ውኃ የማይበግረው የጥጥ ጨርቅ ነው። ብዙው ከአሜሪካ ፋብሪካዎች ስለሚመጣ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ «መሪካኒ» ይሉት ነበር። በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስል የነበረው ሮበርት ስኪነር ከዐፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሊዋዋል በ1896 ሲመጣ ጅቡቲ ላይ ባቡር ተሳፍሮ እስከ ድሬዳዋ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ሐዲድ ስላልነበረ በበቅሎና በግመል ቀጠለ። ውሉ የተፈረመው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ነው። ያ ሁሉ ድካም ለምን ነበር ብትሉ፣ ከምክንያቶቹ ዋናው ይኸው አቡጀዲድ ነው። ጨርቁ ገበያችንን ሞልቶት ነበር፤ ንግዱ ግን በህንዶችና በሌሎች ነጋዴዎች እጅ፣ በኤደን በኩል ነበር።

ቆይተው ደግሞ ጃፓኖች በርካሽ መጡ። በ1920ዎቹ የጃፓን የጥጥ ጨርቅ የአሜሪካውን ገፍቶ ገበያውን ያዘው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ጃፓን ድረስ ተልከው ሄደው ነበር፤ ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፍ ጻፉ። ፖለቲካውን ለሚያውቁት ልተወው። የነጋዴ ዓይን ያየው ነገር ግን ቀላል ነው። ገዢዋ ጨርቁ የማን አገር እንደሆነ አልጠየቀችም፤ በጣቷ ዳበሰችው፣ ዋጋውን ጠየቀች፣ አሜሪካውን ትታ ጃፓኑን ወሰደች። ዛሬ የቻይናውን ስንሸጥ ሰው እንዴት ይማረራል! ያኔም እንዲሁ ተማሮ ይሆናል።

ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። «ጀዲድ» በዓረብኛ አዲስ ማለት ነው። በባቡሩ የመጣው የመጀመሪያው ትልቅ ሸቀጣችን በስሙ ውስጥ አዲስ የሚል ቃል የተሸከመ ጨርቅ ነበር። እኛ ደግሞ መቶ ዓመት ቆይተን አዲሱን አሮጌ ለማስመሰል እንጨመድዳለን።

የአገር ልብስ ከዚህ ንጹሕ ነበር የምትል ካለች ሸማኔ ቤት ትግባ። ማጉ እቤት በእንዝርት የተፈተለ ነው፤ ድሩ ግን ድሮም ከፋብሪካ የወጣ፣ ብዙውም ከባሕር ማዶ የመጣ ክር ነበር። የጥበቡም ባለ ቀለም ክር እንዲሁ። አንድ ነጠላ ላይ የጓሮና የወደብ ክር ተሻግረው ተሠርተዋል። ይህን ለደንበኞቼ ስነግራቸው ደስ አይላቸውም።

በጥቅምት 1923 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል የተጠሩት የውጭ እንግዶች በመርከብ ጅቡቲ ደርሰው በዚሁ ባቡር ነው የወጡት፤ የእንግሊዙ የግሎስተር መስፍን፣ ጸሐፊው ኢቭሊን ዎ፣ ሌሎችም። ለአዲስ አበባ ልብስ ሰፊዎች ያ ሳምንት ትልቅ ትምህርት ቤት ሳይሆን አይቀርም። ስድስት ዓመት ሳይሞላ በሚያዝያ 1928 ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ሐዲድ ወርደው ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሰደዱ። አንድ ጣቢያ እንዲህ ነው፤ የሚያስገባውም የሚያስወጣውም በር አንድ ነው።

እንግዲህ ጅቡቲ ለምን የልብስና የዕቃ ገበያ ሆነች? ከተማዋ ጨው እንጂ ጥጥ የላትም። መልሱ ገንዘብ ነው። በ1941 ፈረንሳዮች ለጅቡቲ የራሷን ፍራንክ አቆሙላት፤ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በተወሰነ ዋጋ የታሰረ፣ ነጋዴ እንደ ልቡ የሚመነዝረው። ወደቡም ነፃ ወደብ ሆነ። ዛሬ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከጥቂት ሳንቲም ነው፤ ይህ ዋጋ እኔ ሳልወለድም ይኸው ነበር። ብራችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት የያዝነው ሒሳብ ለማታ የማይሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። የውጭ ምንዛሪ እንደ መድኃኒት በሚፈለግበት አገር አጠገብ ምንዛሪ እንደ ውኃ የሚፈስበት ከተማ ሲቀመጥ፣ በመካከላቸውም ባቡር ሲኖር፣ የሚሆነው የሆነው ነው። የጃፓን ሰዓት፣ የፈረንሳይ ሽቶ፣ የቆርቆሮ ወተት፣ ፔርሙዝ፣ ስስ ጨርቅ፤ ሁሉም ጅቡቲ ላይ ቁጭ ብሎ ባቡር ይጠብቃል።

እናቴ ንግድ የጀመረችው ከኦጋዴኑ ጦርነት በኋላ ነው። በ1969 እና 70 ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ለወራት ተዘግቶ ነበር። በዚያው በሰኔ 1969 ጅቡቲም ነፃ ወጥታ ስለነበር ባቡሩ ኋላ፣ በ1973፣ የሁለቱ አገሮች የጋራ ድርጅት ሆነ። እማዬ መጀመሪያ ገንደ ቆሬ ደጃችን ላይ ሽንኩርትና ሎሚ ትሸጥ ነበር። አንድ ጎረቤታችን ከጅቡቲ ያመጣችውን ሽቲ፣ ያችን ቀለል ያለች ባለ አበባ የሙቀት ቀሚስ፣ ቀፊራ ላይ በአንድ ጠዋት ስትሸጥ አይታ ሎሚውን ለእህቷ ተወችላት።

እኔ ከእሷ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት በ1986 ክረምት፣ በ12 ዓመቴ ነው። ከድሬ ወጥተን ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ፣ ከዚያ ድንበሩን አልፈን አሊ ሳቢህ፣ ሆልሆል። ባቡሩ ቀን ሙሉ ይፈጃል፣ ከተበላሸ ያሳድራል። ጅቡቲ ስንደርስ ጣቢያው ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር በኩል ነበር፣ ለባሕሩ ቅርብ። በሩ ላይ የተቀበለኝ ሙቀት እንደ ምጣድ ክዳን ሲከፈት ፊትን የሚመታው እንፋሎት ነው። እማዬ «በአፍሽ አትተንፍሺ» አለችኝ።

ከተማው ለኔ ሱቅ ብቻ ነበር። ምኒልክ አደባባይ፤ ስሙ 27 ጁን ተብሎ ተቀይሯል፣ ነገር ግን ምኒልክ ብላችሁ ብትጠይቁ ዛሬም ያሳዩዋችኋል። ከዚያ ወዲያ ገበያው፣ ጨርቅ ከላይ እስከ ታች የተንጠለጠለበት፣ ሶማሌ እናቶች ወንበር ላይ ተቀምጠው «አባዮ፣ ነይ እህቴ» እያሉ የሚጣሩበት። ድርያን ያየሁት እዚያ ነው። ሶማሌዎቹ «ድራዕ» የሚሉት ሰፊ፣ ረዥም፣ ነፋስ ሲነካው ሸራ የሚሆን ስስ ቀሚስ ነው። ብቻውን አይለበስም፤ ከሥሩ «ጎጎራድ» የሚሉት ያጌጠ የውስጥ ጉርድ አለው። የቀሚሱን አንድ ጎን አንሥተው የጉርዱን ጥልፍ በጥቂቱ ማሳየት ነው ወጉ። እማዬ በአገር ልብስ የተሸፈነች ሴት ነበረች፤ ይህን ስታይ መጀመሪያ «ሆሆይ» አለች። ሁለተኛ ቀን ግን አንዱን ደጋግማ ስትዳብሰው ያዝኳት። ሰማያዊ ነበር፤ ምንም አበባ የሌለበት፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ቀጭን የብር ቀለም ክር የዞረበት። ሦስት ጊዜ ሄደን ሦስት ጊዜ ተከራከርን። በመጨረሻ ሻጯ ሰልችቷት ይሁን አዝና ሸጠችላት። እማዬም ጠቅልላ አቀፈችውና «ይቺ የኔ ናት» አለች። ንግድ ከጀመረች ጀምሮ ለራሷ ስትገዛ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በመመለሻችን ዋዜማ ያረፍንበት ቤት ስድስት ሴቶች ሆነው ሲለባበሱ አየሁ። መልበስ አልለውም፣ መጫን ነው። እማዬ አምስት ቀሚስ ደራረበች፤ እኔም ሦስት ለበስኩ፣ አንዱ የትልቅ ሰው፣ ወገቤ ላይ ታጥፎ የታሰረ። ሥርዓት አለው። ስሱና ውዱ ወደ ገላ፣ ወፍራሙና ያረጀው ወደ ውጭ። እጅጌው አጭር ከሥር፣ ረዥሙ ከላይ። ከሁሉ የሚያስቸግረው አንገት ነው፤ ፈታሾቹ አንገት ይቆጥራሉና። አንዲት ፈታሽ ጣቷን አንገትጌሽ ውስጥ ከታ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ስትል ያለቀልሽ ነው። ስለዚህ የአንገታቸው ቅድ የተለያየውን እየመረጡ ሰፊውን ከሥር፣ ጠባቡን ከላይ ያደርጉ ነበር። ጅቡቲ ላይ ከአርባ ዲግሪ በላይ ነው፣ አምስት ቀሚስ ለብሰሽ! አንዷ ባቡር ውስጥ ራሷን ስታ በውኃ አነቃናት። ያችን ቀን ሳስብ ዛሬም ላብ ያጠምቀኛል።

ሕጉን አልክድም። ይህ ቀረጥ መሸሽ ነበር፤ መንግሥት ገቢ አጥቷል፣ ቀረጥ ከፍሎ የሚያስገባው ነጋዴም ከስሯል። እኔ ዛሬ ፈቃድ ያለኝ፣ ግብር የምከፍል ነጋዴ ነኝ፤ ያለ ደረሰኝ ከሚሸጥ ጋር መወዳደር ምን እንደሆነ ወገቤ ያውቃል። የእናቴን አምስት ቀሚስ ከአንድ ሙሉ ፉርጎ ጋር ደምሮ «ኮንትሮባንድ» በሚል አንድ ቃል የሚጠራ ሰው ግን ሒሳብ አያውቅም። ከአምስቱ ቀሚስ የተገኘው ትርፍ የአንድ ወር ጤፍና የእኔ ደብተር ነበር።

ሰማያዊዋን እማዬ አልለበሰቻትም። ከሌሎቹ ጋር እንድትታሽ፣ ላብ እንዲነካት አልፈለገችም፤ በላስቲኳ እንዳለች ቦርሳዋ ሥር አስቀመጠቻት። የራሷ ናታ፣ ምን ትደብቃለች? ከኬላዎቹ አንዱ ላይ ሴቷ ፈታሽ ገብታ ቦርሳውን ከፈተች። እማዬ ላይ ያሉትን አምስቱን አየቻቸው፤ አይታም አለፈቻቸው፣ ሁሉም ደብዝዘው የተጨማደዱ ነበሩ። ሰማያዊዋን ግን ከላስቲኩ አውጥታ ዘረጋቻት። የፋብሪካው ማጠፊያ መስመር በአራት ማዕዘን ይታያል። «ይሄ ለንግድ ነው» አለች። እማዬ «የራሴ ናት እህቴ፣ በልጄ ሞት፣ ልለብሳት የገዛኋት ናት» አለቻት። «ሁሉም እንዲያ ይላል» አለችና ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ወረደች።

ለሽያጭ የነበሩት አምስቱ አለፉ። የራሷ የሆነችው አንዷ ቀረች። እማዬ አላለቀሰችም፤ እስከ ሽንሌ ድረስ ግን አልተናገረችም። ሽንሌ ላይ «ብለብሳት ኖሮ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

ከዚያ ጉዞ በኋላ አሠራሯ ተለወጠ። ማናቸውንም ልብስ ጅቡቲ ላይ በሳሙና ሳታጥብ አታነሣም። መለያውን ትበጥሳለች፣ ቁልፉን ቀይራ ሌላ ትተክላለች፣ ጠርዙን በእጇ ጥቂት ትጠቅማለች፤ የተለበሰ ያስመስላታላ። ምርጫዋም ተለወጠ። አንድ ቀለም የሆነ ጨርቅ መግዛት ተወች፤ የማጠፊያ መስመር በግልጽ ያሳያልና። አበባው የተዝረከረከ፣ ደቃቅ፣ ቀለሙ የተደባለቀ ጨርቅ ግን ምንም አያሳይም። ያንን ይዛ ትመጣለች፣ ከባቡር ስትወርድ ለብሳው ትታያለች፣ ሰፈሩም የሚፈልገው እሷ ላይ ያየውን ነው። ሴቶቹ «ያን የለበስሽውን» ይሏታል እንጂ «አዲስ አለሽ?» አይሏትም። ቀሚሱ ገላ ላይ እንዴት እንደሚወድቅ አይተዋል፣ ታጥቦ ቀለሙ እንዳልለቀቀ አይተዋል፣ ጨርቁም ለስልሷል። ኮሜርስ ስማር ስለ ማስታወቂያ ብዙ ጻፍኩ፣ ፈተናም አለፍኩ። እናቴ ግን ከባቡሩ በር እስከ ቤታችን በመራመድ ብቻ አምስት ቀሚስ ትሸጥ ነበር።

ከመሥመሩ ሴቶች ብዙዎቹ እንዲሁ ያደርጉ ስለነበር የኛ ሰፈር ለዓመታት በደቃቅ አበባ ተሞልቶ ነበር። ሰው «የድሬ ልጅ ደማቅ ነገር ትወዳለች» ይላል፤ የሙቀቱ ነው፣ የባሕሩ ነው፣ የፍቅር አገር ስለሆነ ነው ይላል። ይሁን። እኔ ግን አንዱን ምክንያት ከኬላው አምጥቼዋለሁ።

የራሴ ሙከራዎች የተጀመሩት ከዚያ ቤት ነው። በ18 ዓመቴ ከታይዋን ገበያ የሳልባጅ ጂንስ ገዝቼ ከላዩ የእማዬን አሮጌ ድርያ እስከ ጉልበቴ ቆርጬ ለበስኩት። (ልባሽ ጨርቅ ማስገባት ክልክል መሆኑን ያኔም አውቅ ነበር፤ ያልለበሰ ካለ ይውገረኝ።) እማማዎቹ «ይቺ ልጅ ልብሷን ሳትጨርስ ነው የወጣችው» አሉ። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ሦስት ልጆች ቆራርጠው አየሁ። በሌላ ጊዜ ለአጎቴ ልጅ ሠርግ ስስ ድርያ ጠርዝ ላይ ወፍራም ጥበብ አሰፋሁ፤ የሁለት አገር ልብስ ላደርገው ነበር። ሰፊው «አይሆንም» ብሎኝ ነበር። ጥበቡ ከበደው፣ ጭፈራው መሀል ስሱ ጨርቅ ከወገብ እስከ ባት ተተረተረ። ጎጎራድ ባልለብስ ኖሮ ጉዴ ነበር። ከዚያ የተማርኩት፣ ከባዱ ነጠላው ላይ ይሁን፣ ድርያው ይተንፍስ። ዛሬም ለበዓል የምለብሰው ተራ ነጭ ድርያ ከላዩ ጥበቡ ሰፊ የሆነ ነጠላ ነው፤ ማን እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ ልብሴን አሳያለሁ።

በየዕለቱ የማይለዩኝን ከጠየቃችሁኝ ደግሞ ሽርጥን የሚያህል የለም። ወንዶቻችን ምሳ በልተው በሽርጥ ይቀመጣሉ፤ እኔ ግን ፎጣ አድርጌዋለሁ፣ መጋረጃ አድርጌዋለሁ፣ ልጄን አዝዬበታለሁ፣ ባቡር ውስጥ አንጥፌ ተኝቼበታለሁ። ስትመርጡት ወደ ብርሃን አንሡት፤ ሽመናው እኩል ከሆነ ብርሃኑ እኩል ይገባል። ፔርሙዝ ስትገዙ ክዳኑን ከፍታችሁ ጆሯችሁን አስጠጉት፤ ደህና ከሆነ እንደ ባሕር ዛጎል ያጉረመርማል። ኡንሲ ደግሞ ሶማሌ እናቶች ዕጣንና ሽቶውን ከስኳር ጋር አብስለው የሚሠሩት ነው፤ ፍም ላይ ጥቂት ጣል አድርጎ ልብስን ማጠን ነው። እማዬ የታጠቡትን ቀሚሶች በኡንሲ አጥና ነበር የምታመጣቸው። ገዢዎቿ ሽታውን የጅቡቲ ሽታ ይሉታል።

አሮጌው ባቡር በ2000 ዓ.ም. ግድም እየተንገዳገደ ቆመ። ሐዲዱ እያለ ባቡር የማይመጣበት ከተማ ምን እንደሚመስል ድሬ ላይ ያልኖረ አያውቀውም። ሴቶቹ በመኪና፣ በእግር፣ በሌላ ሥራ ተበተኑ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 አዲስ አበባ ላይ፣ በጥር ደግሞ ጅቡቲ ላይ ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራ የጀመረው በታኅሣሥ 2010 ነው። የጅቡቲው ጣቢያ ከመሀል ከተማ ወጥቶ ናጋድ ሆነ። ሕንጻው ትልቅ ነው፣ ንጹሕ ነው። ከገበያው ግን ራቀ፤ የታክሲውን ሒሳብ ትርፍሽ ላይ መቀነስ አለብሽ። በድሮው ጣቢያ የጨርቅ ሻጯ «ረሳሽ» ብላ ሮጣ ትደርስብሽ ነበር።

ልጅቷን ትቻት ነበር። ሦስተኛውን ድርያ ስትጨመድድ ሳለሁ እኔም ሻንጣዬ ውስጥ አንድ ነበረኝ። ሰማያዊ፣ አበባ የሌለው፣ ጠርዙ ላይ የብር ክር ያለው። ያችው አይደለችም፤ እንደ እሷ ያለች ስፈልግ ዓመታት አልፈዋል፣ ወይ ቀለሙ ይጠቁራል ወይ ክሩ ወርቅማ ይሆናል። ይችን ያገኘኋት ካንዲት አሮጊት ሱቅ ነው፣ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ። መለያውን አልበጠስኩም። ላስቲኳን አልከፈትኩም። ደረሰኟን ከላይዋ አስቀምጬ ሻንጣው አናት ላይ አደረግኋት።

ፍተሻው ላይ ወጣቱ ሻንጣዬን ከፍቶ አነሣት። «ለንግድ ነው?» አለኝ። «ለእናቴ ነው» አልኩት። ደረሰኙን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ አስቀመጣትና ዚፑን ዘጋው። ልቤ ግን እስከ ድሬ አልተመለሰም።

እማዬ አሁን ዓይኗ ደክሟል፤ ከቤት ብዙ አትወጣም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሰጠኋት። በጣቷ ላስቲኩን ዳበሰች፣ ከፈተችው፣ ጨርቁን አወጣች። መለያውን ፈልጋ አገኘችውና በጥርሷ በጠሰችው። ከዚያ ቀሚሱን በሁለት መዳፏ ጨምድዳ ፈታችው፣ ደግማ ጨመደደችው፣ በጉልበቷ ላይ ዘርግታ በእጇ እያሰሰች የማጠፊያው መስመር መጥፋት አለመጥፋቱን አየች።

«ስንት አሉሽ?» አለችኝ።